ብርድ ልብስ የለበሰው ጆተኒ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በታኅሣሥና በጥር ዘይት ቀለም የቀባ ሰው ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ለእኛ አገር ብርድ አይሠራም። ያ ሰዓት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ላለ ሙቀት የተሰላ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን የቀለሙ መድረቅ እጅግ ይዘገያል።

የጆተኒው ባለቤት ወደ ቀለም ባለሙያው ወርክሾፕ የመጣው «ለጥምቀት አድርሱልኝ» ብሎ ነው። ጠረጴዛው ደጅ የከረመ ነበር፤ ኮምፔርሳቶው ከታች ጠርዙ ላይ ተላቋል፣ የድሮው ቀለም ተቀርፏል። 8ቱ ዘንጎች ከነ22 ተጫዋቾቻቸው ወጡ፤ የተላቀቀው ጠርዝ ኮላ ገብቶለት ታስሮ አደረ፤ የተቦረቦረው በመኪና ስቱኮ ተሞላ። ስቱኮው በብርድ አልጠነክር ሲል ማጠንከሪያውን መጨመር የብዙ ሰው ልማድ ነው። ትክክለኛው ልክ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ ቢያልፍ ይሰነጠቃል። መፍትሔው እንጨቱን ፀሐይ ማስመታት ነው።

የጆተኒ ትልቁ ችግር ግን የዘንጎቹ ቀዳዳ ዙሪያ ነው። አጫዋቾች ዘንጉ እንዲፈጥንላቸው የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ዘይቱ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፤ እዚያ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ብዙዎች በብርጭቆ ወረቀት ይጀምራሉ፤ ያ ዘይቱን ያዳርሰዋል እንጂ አያወጣውም። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ሲደርቅ በቲነር ይወለወላል፤ ጨርቁም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ አለዚያ ያነሱትን ዘይት መልሶ መቀባት ነው። ከዚያ በኋላ ነው 80፣ ቀጥሎ 120፣ በመጨረሻ 220 ቁጥር ወረቀት የሚገባው። ዘይቱ በጣም የጠጣበት ቦታ በስፕሪት የሟሟ ጎማላካ (ለእንጨት የሚቀባ ሙጫ) አንድ እጅ ቢቀባ ይታፈናል።

ባለሙያው ይህን ሁሉ አንድም ሳያጓድል ሠራው። ፕራይመር፣ በላዩ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ሁለት ስስ እጅ፤ ለውጭው ገጽ ግማሽ ሊትር በቃው። የሚቀባው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት እንጨቱ የሌሊቱን ብርድና እርጥበት አልለቀቀም፤ ከዚያ በኋላ ከተቀባ ደግሞ ገጹ ሳይጠነክር ማታው ይደርስበታል። ለቢጫው መስመር የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ፣ ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፎ ቀስ ብሎ ላጠው። ጠርዙ ምላጭ የመሰለ ነበር።

በማግስቱ ባለቤቱ መጣ፤ በመዳፉ ዳሰሰው።

«ጋሼ፣ ደርቋል እኮ! እጄን አልያዘኝም።»

«ላዩ ነው የደረቀው። እስቲ ጣትህን አምጣ።»

የልጁን አውራ ጣት ይዞ፣ ከጠረጴዛው እግር ጀርባ በማይታይ ቦታ ጫን አድርጎ ሩብ ዙር አዞረው። ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ።

«አየህ? ሥሩ ገና ነው። አንድ ሳምንት ስጠው።»

«ጋሼ፣ ጥምቀት እኮ ሦስት ቀን ነው የቀረው! የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ይኼ ጠረጴዛ ነው።»

ባለሙያው ትንሽ ዝም ብሎ፣ «በል ውሰደው። ቀን ፀሐይ ላይ አቁመው፣ ሰው አይደገፍበት» አለው። ስለ ሌሊቱ ምንም አላለም።

ልጁ ሌሊት ውርጭ እንዳይመታው ብሎ የሱፍ ብርድ ልብስ አለበሰው። ዘይት ቀለም የሚጠነክረው ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ የተሸፈነ ቀለም ለስላሳ እንደሆነ ያድራል። ጠዋት ሲገፈፍ ሱፉ ቀለሙ ላይ ቀርቷል፣ የብርድ ልብሱ ሽመናም ታትሞበታል። ልጁም መናኸሪያው አካባቢ ላገኘው ሁሉ «ፎርጅድ ቀለም ቀቡኝ» ብሎ አወራ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቀለሙ ደህና ነበር፤ ከዚያው ቆርቆሮ የተረፈው ወርክሾፑ በር ላይ ተቀብቶ አሁንም ያብረቀርቃል። ግን ደንበኛን «አልደረቀም» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ይህን ለባለሙያውም ነግሬዋለሁ። ሰው ዕቃውን ሲወድ ይሸፍነዋል፤ ብርድ አገር ሲሆን ደግሞ በብርድ ልብስ ነው የሚሸፍነው። አታልብሰው መባል ነበረበት።

በዓሉ ሲያልፍ ጠረጴዛው ተመለሰ። ሱፉን በእጅ መንቀል ቀለሙን ከሥሩ ያነሳዋል፤ በቲነር መጥረግም ሁሉንም ያላቁጠዋል። በናይትሮ ስፕሬይ (ቶሎ በሚደርቅ የሚረጭ ቀለም) ልሸፍነው ማለትማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የናይትሮ ቲነር ያልጠነከረ ዘይት ቀለምን አንስቶ ያጨማድደዋል። ሳይሸፈን 10 ቀን ቆመ፤ የአውራ ጣቱን ፈተና ሲያልፍ በውሃና በትንሽ ሳሙና በ320፣ ቀጥሎ በ400 ቁጥር ወረቀት ተፋቀ። ደርቆ ሲወለወል፣ ከ10 በመቶ ባልበለጠ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የቀጠነ አንድ እጅ ቀለም በቃው። ዘንጎቹም በሞተር ዘይት ፋንታ ሻማ ተቀብተው ተመለሱ። ያነሰውን ቀለም ባለሙያው ከኪሱ ገዛ፤ ወረቀቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ የፋቀው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው።