አምስት ጠብታ

የሰርጂካል ነርስ ነኝ። ቁስል ማጠብ፣ ከኦፕሬሽን የወጣ ሰው መጠበቅ፣ ይሄን እንቅልፍ ላይ ሆኜም አልስተውም። የደጀን ልጅ ነኝ። እዚሁ ጎጃም ውስጥ በኮንትራት ስሠራ አሁን ሦስተኛ ሆስፒታሌ ነው። ኮንትራት ማለት ደግሞ የጎደለው ክፍል መሙያ ማለት ነው። ቋሚዎቹ ሲነኩ ይጮኻሉ። እኔ የምጮኽበት የለኝም።

አንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተረኛ ሆኜ ስገባ የነርሶች ኃላፊዋ፣ ሜትሮኗ፣ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ዛሬ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነሽ፤ ሰው የለም።»

«ከተማሪነቴ ወዲህ ጨቅላ ይዤ አላውቅም እኮ።»

«ነርስ አይደለሽ እንዴ?»

ነርስ ነኝ። ግን አዋቂ በደቂቃ 50 ጊዜ ቢተነፍስ ሐኪም ልጠራ ነው የምሮጠው። ለአዲስ ሕፃን 50 ደህና ነው። የመጀመሪያውን ሕፃን ሳይ ሆዱ ሲርገበገብ ልቤ ቀጥ አለ። አያትየው «ምነው ልጄ?» አሉኝ። «ምንም፣ እማማ» አልኩ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የአንዱ ሕፃን ግሉኮስ መንጠብ አቆመ። ክብደቱ 2 ኪሎ፣ ከተወለደ ገና አንድ ቀኑ ነው። የታዘዘለት በ24 ሰዓት 120 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት 5 ማለት ነው። ቻርቱ ላይ «በደቂቃ 5 ጠብታ» ተብሎ ተጽፏል። መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁትን «ሴት»፣ ማለት ግሉኮሱ እየተንጠባጠበ የሚወርድበትን ቱቦ፣ ቀየርኩለት፣ ሰዓቴን ይዤ አምስት ጠብታ ቆጠርኩ። እንዲያውም አቆጣጠሬ አኮራኝ።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንዲት አዋላጅ ሕፃን ይዛ መጣች። ቀና ብላ አየችና «ሲስተር፣ ይሄ የአዋቂ ሴት ነው» አለችኝ። ስለ እናቲቱ የምታወራ መስሎኝ «የታለች?» አልኳት! በኋላ ስቀናል። ያኔ ግን እሷ ሮጣ ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕፃን ሴት 1 ሚሊ ሊትር የሚሞላው 60 ጠብታ ነው። በዚያ በአዋቂው ግን 20 ይበቃል። የእኔ አምስት ጠብታ በሰዓት 15 ሚሊ ሊትር እየሰጠ ነበር፣ ሦስት እጥፍ። ለተረኛው ሐኪም ነገርኩት፣ ቻርቱም ላይ ጻፍኩት። ሕፃኑ ምንም አልሆነም። የእኔ እጅ ግን እስኪነጋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሜትሮኗ ላይ ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ትንሽ አለብኝ። ግን እኔም «ይሄን አልችልም» ያልኩት ለእሷ ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ገብቼ አብራኝ ላደረችው ነርስ አልነገርኳትም፤ አፈርኩ።

አሁን የትም ቢልኩኝ ርክክብ ላይ ቀድሜ እናገራለሁ። «ደም ሥር ላይ ካኑላ አደርጋለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ የሕፃን መጠን ግን አብራችሁኝ አስሉ» እላለሁ። በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው አምቡ ባግና ኦክስጅኑ የት እንዳለ በእጄ ነክቼ አያለሁ። የማላውቀውን ሴት ስሰቅል ደግሞ ፕላስተር እለጥፍበትና በእስክሪብቶ 20 ወይም 60 ብዬ እጽፋለሁ።

«ባለፕላስተሯ መጣች» ይሉኛል። ይበሉ።