የአባቴ ድምፅና የእናቴ ጆሮ

አባቴ ከማኅሌት ሲመለሱ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ካለችው መደብ ላይ ጥቂት አረፍ ይሉና እናቴን «ዛሬስ እንዴት ነበርን?» ብለው ይጠይቋት ነበር። እናቴ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ አልተማረችም፤ ፊደል የቆጠረችውም በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ታላቅ ወንድሜን አዝላ ነው። ቢሆንም መልስ አጥታ አታውቅም። «ደግ ነበር፤ የመጨረሻውን ወረብ ግን አጣደፋችሁት» ትላለች። አባቴ ዝም ብለው ያስቡና «ልክ ነሽ፣ ከበሮው ቀደመን» ይላሉ። ሊቃውንት በሚሰሙት ማኅሌት ሲመሩ ያደሩ ሰው የእርሷን ፍርድ ሳይሰሙ ቁርስ አይቀርቡም ነበር።

ያረፉት ነሐሴ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው ነው። ተማሪዎቻቸው የኔታ፣ ጎረቤት መሪጌታ፣ እኛ ደግሞ አባባ እንላቸው ነበር። ከጎንደር ከተማ ወጣ ካለ ገጠር ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰውና አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ እየለመኑ ነው የተማሩት። በቁርጭምጭሚታቸው ላይ የነበረውን የውሻ ንክሻ ጠባሳ እያሳዩን «ይኼ የጾመ ድጓዬ ነው» ይሉን ነበር። ድጓን ጋይንት ቤተ ልሔም ቀጽለው፣ የቁርባንና የፍትሐት ዜማ የሆነውን ዝማሬ መዋሥዕትን ዙር አባ ተምረው፣ በመጨረሻ ለአቋቋም ወደ ጎንደር በአታ መጡ። እነዚህ ሦስቱ፣ እያንዳንዳቸው በያዙት ትምህርት፣ የማስመስከሪያ፣ ማለትም መምህርነት የሚረጋገጥባቸው፣ ጉባኤ ቤቶች ናቸው፤ አንድ ሰው ሦስቱንም ለማዳረስ የወጣትነት ዕድሜውን መስጠት አለበት።

አቋቋም ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። አንዱ ቃል በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይዜማል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ እየተዘመመ ይደገማል፤ ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው በመረግድ ይባላል፤ በጽፋት ደግሞ ይፈጥናል። ይህ ሁሉ በቃል የሚያዝ ስለሆነ፣ ተማሪው መምህሩ ፊት ተቀምጦ ቀንም ሌሊትም ከመደጋገም በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ደብተራ የሚለውን ስም ከክታብና ከአስማት ጋር ብቻ የሚያያይዙ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የማዝነው ለዚህ ነው። በእኛ ቤት ደብተራ ማለት ለአንዲት የዜማ ምልክት ሲል ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ሰው ማለት ነበር።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ አድባራቱ ካህናቱ ይተዳደሩበት የነበረውን የሰሞን መሬት አጡ። አባቴ ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ትዳር ለመያዝም እያሰቡ ነበር። በአገልግሎት ብቻ ቤት እንደማይቆም ሲረዱ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያውን ለመዱና ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በዱቤ ባገኟት አሮጌ ሲንጀር መኪና ሥራ ጀመሩ። አምስት ልጆች ያሳደገችን ያች መኪና ናት። እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጥ ከንፈራቸው ያዜም ነበር፤ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ቀስ ያለ የዕዝል ዜማ ከሰማ ሥራው እንደሚዘገይ፣ ግዕዙ ከሆነ ግን ቶሎ እንደሚደርስለት ያውቅ ነበር ብላ እናቴ ትናገራለች።

የትምህርት ቤት ልብሳችንን የሚሰፉልን ራሳቸው ነበሩ። የቀሚሴን ጫፍ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፉትና መስከረም በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ይለቁልኛል፤ ስለዚህ ቀሚሴ ከታች በኩል እንደ ዛፍ ቀለበት የዓመታቱን መስመር ይዞ ነበር። በልጅነቴ አፍርበት ነበር። ዛሬ ያ ቀሚስ ቢኖር ምን ባልሰጠሁ!

ሌላም ያደረጉልኝ ነገር አለ። ሴት ልጅ ማኅሌት እንደማትቆም ባውቅም፣ ወንድሞቼ ሲማሩ ከኋላ ተቀምጬ ማዳመጤን አይተው አንድ ቀን ጠሩኝ። የጨርቅ ማስመሪያውን ጠመኔ አንስተው በጥቁር ካኪ ቁራጭ ላይ ከዜማ ምልክቶቹ ድፋትን እንደ ቅስት አጠፉት፤ ርክርክን ተከታትለው እንደሚወርዱ ነጠብጣቦች ደረደሩት። ከዚያ ጣቴን ይዘው በነጠብጣቦቹ ላይ እያስኬዱ በድምፃቸው አወረዱኝ፤ እያንዳንዷ ነጥብ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ትሰበርና መልሳ ትያያዝ ነበር። ስምንቱንም ምልክቶች በዚያ ክረምት ተማርኩ። «አታዜሚው ይሆናል፤ ስትሰሚው ግን ማን እንደሳተ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

በበዓል ሌሊት አባት አልነበረንም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። የልደትም የትንሣኤም ሌሊት የሰው አባት ከልጆቹ ጋር ሲያድር የእኛው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ቆመው ያድራሉ። እናቴ እርሳቸው ሳይመጡ የዶሮውን ድስት አታስከፍትም ነበርና፣ እኛ በእንቅልፍና በረኃብ መካከል ሆነን እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ አልቅሶ «አባባ ከእኛ ታቦቱን ይወዳሉ» አላቸው። አልተቆጡም፤ አቅፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእርሱ ሰጡ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነፍስ ያወቀውን ልጅ ሁሉ ይዘው መሄድ ጀመሩ።

ጎንደርን በጥምቀት ብቻ የሚያውቃት ሰው በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ነጭ ለብሰው የሚያሸበሽቡትን ሊቃውንት ያያል፤ ደስ ይለዋልም። የአባቴ ድምፅ ግን ለእኔ የዐቢይ ጾም ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጡና ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል፤ ድምፅን የሚሸፍንለት ነገር የለም። የእርሳቸው ወፍራም አልነበረም። ቀጭን ሆኖ መጨረሻው ላይ የማይጠፋ፣ ሌሎች ትንፋሽ ሲወስዱ ብቻውን የሚቀር ነበር።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ያ ድምፅ ሰለለ። ሐኪም ብዙ እንዳይናገሩ አዘዛቸው፤ ቆመው ማደሩን ግን አልተዉም። መሪነቱን ለተማሪያቸው ለቀው ከዳር ይቆማሉ፤ ዜማው ሲሳት መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ ከመሬት ያሳርፉታል፣ ወጣቱም ተመልሶ ያስተካክላል። ቤት ሲመጡ «ዛሬስ እንዴት ነበርን?» የሚለው ጥያቄ በሹክሹክታ ሆነ።

በቀብራቸው ዕለት ዙር አባ የተማሩት መዋሥዕት ለራሳቸው ተዜመላቸው። አርባቸው ባለቀ በሳምንቱ፣ እሑድ መስከረም 28 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የዘመነ ጽጌው የመጀመሪያ እሑድ ነበርና እናቴን ደግፌ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ተማሪያቸው የእርሳቸውን ጸናጽል ይዞ ይመራ ነበር። በሴቶቹ በኩል ቆመን፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ድረስ አጣፍታ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አንድ ወረብ ላይ ርክርኩ ተዘለለ፤ እኔም ሰማሁት። እናቴ ክንዴን ጨበጠችና «እዚህ ላይ መቋሚያው ይመታ ነበር» አለችኝ።

ሲነጋ ተማሪያቸው እጅ ሊነሳ መጣ። እናቴ ከመደቡ ላይ አስቀመጠችውና፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ፣ «ጠይቀኛ» አለችው። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ዛሬስ እንዴት ነበርን እማማ?» አላት።