ከባቡሩ ጎን ለጎን ወደ ኩምብረስ

አሜሪካ ውስጥ አሁንም የሚሠራ የእንፋሎት ባቡር እንይ የሚለውን ነገር ያመጣው የድሬዳዋው ጓደኛችን ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ እሱም የባቡር ፊሽካ እየሰማ ነው ያደገው። የደረሰው ግን በናፍጣው ጊዜ ነው፤ የእንፋሎቱን ዘመን ከአያቱ አፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 ሐምሌ ላይ አራት ሆነን ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ ተነሳን፤ በሳን ሉዊስ ሸለቆ አድርገን አምስት ሰዓት ያህል ነድተን ኮሎራዶና ኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ ደረስን።

ድንኳናችንን የተከልነው ኩምብረስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ አጠገብ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ማደር በሉት። እዚያ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሽሮው አልበስል ብሎ አስመሸን።

የባቡሩ መስመር ኩምብረስና ቶልቴክ ይባላል። በ1880 የተዘረጋ ነው። የሀዲዱ ስፋት 914 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከድሬው የ1 ሜትር ሀዲድ እንኳ ይጠባል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሥራ ሲያቆም ሊነቃቀል ነበር፤ ሁለቱ ግዛቶች በ1970 ተባብረው 103 ኪሎ ሜትሩን ከነባቡሮቹ ገዙት። እኔ በበኩሌ ያን ውሳኔ የወሰኑትን ሰዎች ባገኛቸው እጃቸውን ይዤ አመሰግናቸው ነበር።

ብዙ ሰው ትኬት ቆርጦ ይሳፈራል። እኛ በመኪና ተከተልነው፣ አሁንም ብሄድ እንደዚያው ነው የማደርገው። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ተራራውን ያያል፣ ባቡሩ ሲለፋ ግን አያይም። 17 ቁጥር አስፋልት ከቻማ ከተማ ጀምሮ ከሀዲዱ ጋር እየተቀራረበ፣ አንዳንዴም እያቋረጠው ነው የሚወጣው። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 4 ሜትር ይነሳል። ለመኪና ምንም አይደለም፣ ለባቡር ግን ከባድ ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከቻማ ተነሳ። እኛ ቀድመን አንዱ መሻገሪያ ጋ ቆመን ቡና ቀዳን። መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ዳገቱ ሲከብደው ደግሞ ትንፋሹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ቀጥሎ ጭሱ ከጥዶቹ በላይ ታየ። ከዚያ ራሱ መጣ፣ በ1925 ፊላደልፊያ ውስጥ ባልድዊን ፋብሪካ የተሠራ ጥቁር ግዙፍ ነገር። ሲያልፍ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። እሳት የሚያነደው ሰውዬ በአካፋ ከሰል እየዛቀ ጎንበስ ቀና ይላል። አንዲት ጥቀርሻ መጥታ ጓደኛችን ሲኒ ውስጥ ወደቀች። በጣቱ አወጣት፣ ፈጨት አድርጎ አሸተታት፤ "አያቴ ልብሳቸውን በፍንጣሪ ተበሳስቶ ነበር የሚመለሱት" አለን።

ከዚያ እየቀደምን ስንጠብቀው፣ ስንጠብቀው ዊንዲ ፖይንት ደረስን። ባቡሩ ከገደሉ ወገብ ላይ ተጣብቆ ሲዞር አንዳችንም አላወራንም። ኩምብረስ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መንገዱና ሀዲዱ ይለያያሉ፣ እሱ ለምሳ ወደ ኦሲየር፣ እኛ ወደ ድንኳናችን።

ከሰዓት ዝናብ ወረደ፣ ልክ የኛው ሐምሌ። ድንኳኑ በአንድ ጥግ ማፍሰስ ጀምሮ ፍራሽ ስናሸሽ ከሩቅ ፊሽካ ተሰማ፤ ባቡሩ እየተመለሰ ነው። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። ጓደኛችን ጫማም ሳያደርግ ወጣና በስልኩ ቀዳው። ማታ ወደ ታች ወርደን ኔትወርክ ስናገኝ ድሬ ላሉት አባቱ ላከላቸው።

ጠዋት መልስ ጠበቀው። "ልጄ፣ መሀሉ ላይ ዝናቡ ይረብሻል። ሌላ ካለህ ላክልኝ።"