ለአንድ መሸኛ አራት ጊዜ አጋሮ

እናቴ በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ አልሰጠችም። መምረጥ ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም። ላስመዘግባት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ ነው። ይህን የምጽፈው በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እማዬ ካርዷን ይዛ ትሰለፍ ስለነበር ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰው በስልኩ ይመዝገብ የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር "እሱ ለአዲስ አበባ ልጆች ነው፣ ለእናቶቻችን አይሆንም" የሚሉ ሰዎች እዚህ ጅማም አሉ። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ለእናቶቻችን ነው።

የራሴ ምዝገባ ቀላል ነበር። ምዝገባው የተጀመረው መጋቢት 16፣ 2013 ነው። የምሠራው ባንክ ቤት ስለሆነ አንድ ጠዋት አስፈቅጄ ሰፈራችን ወዳለው ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። መታወቂያዬን አሳየሁ፣ ስሜ መዝገብ ላይ ተጻፈ፣ ፈረምኩ፣ ካርዴን ተቀበልኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። የእማዬም እንደዚያው ያልቃል ብዬ የተዘናጋሁት ለዚህ ነው።

እማዬ የአጋሮ ሰው ነች። አባቴ ካረፈ በኋላ ለብዙ ዓመት ብቻዋን ኖረች። ጉልበቷ ሲደክም፣ በ2012 መጀመሪያ ላይ፣ እኔ ጋ ጅማ አመጣኋት። ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ሰው መመዝገብ ይችላል ይላል። እማዬ ከዓመት በላይ ኖራለች። የሰፈሩ እድር ገብታለች። ለቅሶ ትደርሳለች፣ ቡና ተጠሩ ሲባል መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። መታወቂያዋ ግን የአጋሮ ነው።

ጣቢያው ላይ የነበረው ወጣት መታወቂያዋን ገልብጦ አየና "አዴ፣ ይሄ የዚህ አይደለም። መጀመሪያ የዚህን ቀበሌ መታወቂያ ያውጡ" አላት። በአክብሮት ነው የነገራት። ወደ ቀበሌ ሄድን። ቀበሌው "መሸኛ ካላመጡ መታወቂያ አይሰጥም" አለ።

መሸኛ አንድ ገጽ ናት። "ይህች ሰው እኛ ጋ ነዋሪ ነበረች፣ አሁን ለቃለች" የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት ወረቀት። ለዚያች ወረቀት አራት ጊዜ አጋሮ ተመላለስኩ።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ቅርብ ነው ይባላል። ግን መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ ጠብቀህ፣ ደርሰህ፣ ወረፋ ይዘህ፣ ተመልሰህ፣ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። የዓመት ፈቃዴን ቀን በቀን ቆርሼ ነው የሄድኩት።

በመጀመሪያው ቀን እማዬን ይዣት ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። መቼ ይመለሳሉ? አይታወቅም። እማዬ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ 10 ሰዓት ተቀመጠች። ዝናብ መጣ። የድሮ ጎረቤቶቿ በዚያ ሲያልፉ ይስሟታል፣ ልጆቿን ይጠይቋታል። ያ ሁሉ ሰው ያውቃታል። ከበሩ ጀርባ ያለው መሥሪያ ቤት ግን ማን እንደሆነች በወረቀት እንድታስረዳ ይጠብቃል። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ እሷን ይዤ አልሄድኩም።

በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ነበሩ። ፋይሏ ጠፋ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሁለት መደርደሪያ አገላብጣ "በዚህ ስም የለም" አለችኝ። በኋላ ሲገባኝ ፋይሉ ያለው በአባቴ ስም ነው። የቤተሰብ ቅጹ ላይ አባቴ የቤተሰብ ኃላፊ፣ እማዬ ከሥሩ ተራ ቁጥር 2 ነች። ታዲያ ከዚያ ፋይል ላይ መሸኛ ለመስጠት ወይ አባወራው ይቅረብ ወይ የሞት ምስክር ወረቀት ይምጣ ተባልኩ።

አባቴ ያረፈው በ2002 ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመደበኛነት የተጀመረው ሐምሌ 30፣ 2008 ነው። አባቴ ሲቀበር ሞቱን መዝግቦ ወረቀት የሚሰጠን መሥሪያ ቤት አልነበረም። ይህን ለሰውየው ነገርኩት። "እኔ ምን ላድርግ፣ አሠራሩ ነው" አለኝ። እንባዬ መጣ። የአባቴን መሞት እንዲያምነኝ የማላውቀውን ሰው ደጋግሜ እየለመንኩ ነበር።

መላ ያመጣችው እማዬ ናት። "የአጋሮ እድራችን ደብተር ላይ አለ እኮ" አለችኝ። በሦስተኛው ጉዞ የእድሩን ጸሐፊ ፈልጌ አገኘሁ። ደብተሩን ከሳጥን አወጡልኝ። የአባቴ ስም፣ የቀብሩ ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ሁሉም በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ የእድሩን ማኅተም መቱልኝ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። ቀበሌው ደብዳቤውን ተቀበለ። ፋይሉ ወጣ። በቃ አለቀ ስል አዲስ ነገር መጣ።

የእናቴ ስም ፀሐይ ነው። የድሮው ፋይል በአማርኛ "ፀሐይ" ይላል። መታወቂያዋ ግን በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ነው። የጻፈው ሰው "ፀ"ን በኤክስ ፊደል ነው የጻፈው። ኤክስ ደግሞ በቁቤ "ጠ" ነው የሚነበበው። ስለዚህ እናቴ ፋይሉ ላይ ፀሐይ፣ መታወቂያዋ ላይ ጠሃይ ናት። "ሁለት የተለያየ ሰው ነው" ተባልኩ። የአባቷ ስም አንድ ነው፣ የአያቷ ስም አንድ ነው፣ ፎቶው እሷው ናት። ነገ ኃላፊው ይዩት ተባለ። ነገ መሄድ አልቻልኩም፣ ባንክ የወር መጨረሻ ነበር። በአራተኛው ጉዞ ኃላፊው ግማሽ ደቂቃ አዩትና ፈረሙ። ግማሽ ደቂቃ።

ጅማ ስመለስ ሚያዝያ ገፍቷል። ምዝገባው መጀመሪያ ሚያዝያ 15 እንዲያበቃ ነበር የታሰበው፣ ደግነቱ ተራዘመ። መሸኛውን አስገባሁ። አከራያችን መጥተው ፈረሙ። ጉርድ ፎቶ ሰጠሁ። ከዚያ "የመታወቂያ ካርድ አልቋል፣ ሲመጣ እንደውላለን" ተባልኩ። በየቀኑ ስወጣና ስገባ ጠየቅኩ። ካርዱ ሳይመጣ ምዝገባው ተዘጋ። የደወሉልኝ በሰኔ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝን ልናገር። ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ምንም መታወቂያ የላቸውም። እሳቸው ተመዝግበዋል። እንዴት ብዬ ስጠይቃቸው "ሰፈሩ መሰከረልኝ" አሉኝ። መታወቂያ የሌለው ሰው በአካባቢው ነዋሪዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ ነበር። እማዬን የሚያውቅ ሰፈር ሙሉ ሰው እያለ እኔ አጋሮ ስመላለስ ከረምኩ። ጣቢያው ላይ ማንም ይህን አልነገረኝም። እኔም "ሌላ መንገድ የለም ወይ?" ብዬ አልጠየቅኩም። ባንክ ውስጥ ደንበኛ ሰነድ ጎድሎት ሲመጣ ሌላ ምን አለህ ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ለእናቴ ሲሆን የመጀመሪያውን መልስ ይዤ ወጣሁ።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። "መጀመሪያ መታወቂያህን አሟላ፣ ከዚያ ና" የሚለውን አትስሙ። መጀመሪያ ጣቢያው ሂዱ፣ በመጀመሪያው ሳምንት። ከእድር የሚያውቋችሁን ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ። አይሆንም ካሉ በየትኛው አንቀጽ ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፣ የሚመለከተው ሰው እስኪመጣ ከዚያ አትነሱ። በ2013 አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1500 ሰው ነበር። ዘግይቶ የመጣ ሰው ሞልቷል ሊባል ይችላል። የቀበሌ ለቀበሌ ዝውውር ያለበት ሰው ደግሞ ምርጫ እስኪደርስ አይጠብቅ። ምርጫ በሌለበት ዓመት መሸኛችሁን አውጡ። የእድራችሁን ደብተር አክብሩ፣ አንድ ቀን ብቸኛው ማስረጃችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ግን ይህ ሁሉ ምክር ችግሩን አይፈታም። በ2013 ከ36 ሚሊዮን በላይ ሰው በእጅ ጽሑፍ ነው የተመዘገበው። በዚያው ግንቦት ቴሌብር ሥራ ጀመረ። እኔ በምሠራበት መስኮት ፊት ለፊት ያሉ ነጋዴዎች የቡና ሒሳባቸውን በስልክ መላክ ተለማመዱ። ገንዘቡን በስልክ የምናምነው ሰው ስሙን በስልክ ለማስመዝገብ ለምን አይታመንም?

ያኔ አንድ ነገር ይጎድለን ነበር፣ ሰውየው ማን እንደሆነ በርቀት የሚያረጋግጥ ነገር። አሁን ፋይዳ፣ ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ አለ። ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1284፣ በ2015 ወጥቷል። እማዬን እዚሁ ጅማ አስመዝግቤያታለሁ። አሥሩን ጣቶቿን፣ የዓይኗን አይሪስና ፎቶዋን አነሱ። የዘመን ሥራ ጣቷን ስለፋቀው መሣሪያው ሁለቱን ጣቶች ደጋግሞ ነው የያዘው። ልጅቷ በትዕግሥት እጇን በሶፍት እየጠረገች ሠራችላት። ስሟን በአማርኛም በላቲን ፊደልም ስክሪኑ ላይ አሳየችን፣ እኔ አረምኩት። ፀሐይ ሆነች። መሸኛ አልተጠየቅንም። ከዚያ ቁጥሯ በስልክ መልእክት መጣ።

እንግዲህ እኔ የምለው ይሄ ነው። ያንን ቁጥር ስልክ ላይ ላስገባ፣ በእማዬ ስልክ የማረጋገጫ ኮድ ይምጣ፣ የምትኖርበትን ሰፈር እንምረጥ፣ ጣቢያዋ ይነገረን። ፋይዳ እናቴ ማን እንደሆነች ይናገራል እንጂ ስድስት ወር እዚህ መኖሯን አይናገርም። አውቃለሁ። ለዚያ ምስክር ይቅረብ፣ ዝርዝሩም እንደተለመደው ለሕዝብ ይፋ ይሁንና የሚቃወም ይቃወም። ሰፈር የሚያውቀውን ሰፈር ይመስክር። አጋሮ ያለ ፋይል ግን በዚህ መሀል ምንም ሥራ የለውም።

ስማርት ስልክ የሌለው ሰውስ? ወረቀቱ ይቀጥል። አንዱ መጣ ብሎ ሌላውን ማጥፋት ትልቅ ስህተት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት። በስልክ የሚመዘገበው ሰው ከሰልፉ ሲወጣ ግን ሰልፉ የሚያጥረው ስልክ ለሌለው ሰው ነው። ሌላው ፍርሃት አንዱ የሌላውን ስም ይመዘግባል የሚለው ነው። በእጅ መዝገብም ይቻል ነበር እኮ። በስልክ ቢያንስ ኮዱ የሚመጣው ለባለቤቱ ነው። ባንክ ውስጥ በየቀኑ እንደማስጠነቅቀው፣ ያንን ኮድ ለማንም አትስጡ፣ "ከምርጫ ነው የምደውለው" ለሚልም ጭምር።

የሌሎች አገሮችም መንገድ እንከን አልባ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት የኢንተርኔት ምዝገባ የጀመረችው በ2002 ነው። ብሪታንያ በዚያው አቆጣጠር በ2014 ጀመረች፣ በ2016 ግን የአውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ሲል በመጨረሻው ምሽት ሰው ጎርፎ ድረ ገጹ ተቋረጠ። ጊዜውን ሁለት ቀን አራዘሙ። እኛም ጋ ይሆናል። ስለዚህ በስልክም ቢሆን የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። አንድ ነገር ደግሞ ላስረግጥ። በስልክ እንምረጥ አላልኩም። ድምፅ በወረቀት፣ በሳጥን፣ ታዛቢ እያየ ይሰጥ። እኔ የምለው ስለ ምዝገባ ብቻ ነው።

ሰኔ 14 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የቀሰቀሰችኝ እማዬ ናት። ቡናው ፈልቷል። ግንቦት 7፣ 1997 አጋሮ ላይ ገና ሳይነጋ እንደተሰለፈች ትነግረኛለች፣ ቀድሞ የሄደ ቀድሞ ይመለሳል ትላለች። ነጠላዬን አስተካክላልኝ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስመለስ እዚያው በር ላይ ነበረች። "ስንት ወረቀት ሰጡሽ?" አለችኝ።

"ሁለት። አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለጨፌ ኦሮሚያ።"

እንዴት እንዳጠፍኳቸው ጠየቀችኝ። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንስቼ አሳየኋት።