ከሰባት ጨዋታ ወደ አንድ ከበሮ

በሳምንት ውስጥ ስንት ሰዓት ኳስ በማየት እንደማሳልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ያሰላሁት በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ነበር። ቅዳሜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀምራሉ፤ እሑድ 11 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አሉ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ ቻምፒዮንስ ሊጉ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ያበቃል። ሰባት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ከነእረፍቱ ሁለት ሰዓት ያህል፣ በድምሩ 14 ሰዓት። በዚያ ዓመት የተመደበልኝ ክፍለ ጊዜ በሳምንት 20 ሲሆን አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ስለነበር ሰሌዳ ፊት የምቆመው 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከምተዳደርበት ሥራ ይልቅ ለዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር የበለጠ ሰዓት እሰጥ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። መንገዱንና ከጨዋታ በኋላ እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቆመን የምናደርገውን ክርክር ገና አልቆጠርኩትም።

ስሌቱን እንድሠራ ያስገደደኝ የአንድ ረቡዕ ውሎ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት አምሽቼ በማግስቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ እኩልታ ስፈታ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይቅርታ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ተሳስቷል» አለችኝ። አሉታዊውን ቁጥር ወደ ሌላው ጎን ሳሻግር ምልክቱን ሳልለውጥ ቀርቼ ነበር፤ ይህንንም ስህተት የክፍሉ ተማሪ በሙሉ በእስክሪብቶ ገልብጦ ጨርሷል። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሳትቆጣ፣ ረጋ ብላ፣ «ልጅቷ ትናንት በቃል ጽሕፈት አሥር ከአሥር አምጥታ አንተን ስትጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ደብተሩን እስከ አሁን ትራሷ ሥር እንዳደረገችው ነው» አለችኝ። ደብተሩን ሳወጣው ሽፋኑ ተጣጥፎ፣ በቀይ እስክሪብቶ በተጻፈበት ገጽ ላይ ምልክት እንዲሆን የገባው ክር እንኳ አልተነሳም ነበር።

ከሁሉም የባሰ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ፣ አርሰናል 38ቱንም የሊግ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ፣ 26 አሸንፎና 12 አቻ ወጥቶ ዋንጫ ከወሰደበት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋፊው ነኝ፤ በ2015 ግን አርሰናል በቻምፒዮንስ ሊጉ አልነበረም። ልጄን ያስተኛኋት፣ ተማሪዎቼንም ያሳሳትኩት የማልደግፋቸው ክለቦች ሲጫወቱ ለማየት ነበር ማለት ነው። ያ ፍቅር አልነበረም፤ ወሰን ያጣ ልማድ ነበር።

በዚያው ሰሞን በጅማው መርካቶ የሚገኝ የልብስ ስፌት ቤት ጎራ አልኩ። ባለቤቱን ሐጂ ብለን ነው የምንጠራቸው፤ በሠፈራችን የጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ስብስብ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ሱሪዬን ሲለኩ፣ «መምህር፣ ኳስ ትወዳለህ አሉ። የገዛ ከተማህን ክለብ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ክለቡ በ2014 ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከወረደ ወዲህ አላየሁትም ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ሐጂም ሜትሩን አንገታቸው ላይ እየጠመጠሙ፣ «ጎረቤት የሚጠየቀው ሲከስር ነው፤ ሲያተርፍማ ማን የማይጠይቀው አለ?» አሉኝ።

ይህ አባባል የነካኝ በምክንያት ነው። ስሙን ከጅሬን ኮረብታ ቤተ መንግሥታቸው ከተማውን ቁልቁል ከሚያየው ንጉሥ የወረሰው ይህ ክለብ፣ በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራና በኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎሎች እየታገዘ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ በጎል ልዩነት ዋንጫውን ሲያነሳ እኔም መንገድ ላይ ወጥቼ ከጨፈሩት አንዱ ነበርኩ። በማግስቱ ዓመት ታኅሣሥ ላይ በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ አል አህሊን ገጥሞ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ቢሸነፍም በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 ሲያሸንፍም ድምፄ እስኪዘጋ ጮኬያለሁ። በደስታው ቀን ነበርኩ፤ ወርሃዊ መዋጮ ከፍዬ፣ ስሜን አስመዝግቤ፣ ተራ ደርሶኝ ግን አላውቅም። ክለቡ ሲወርድ ቀስ ብዬ ስቀር «የት ሄድክ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አንድም ሰው ያልነበረው ለዚህ ነው።

በቀጣዩ እሑድ ተመዘገብኩ። ጠቅላላው መዝገብ አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፤ በግራ ስም፣ በቀኝ አሥራ ሁለቱ ወራት፣ የከፈለ ሰው ትይዩ ላይ የሐጂ ፊርማ። መዋጮው በወር 50 ብር ሲሆን ስብሰባው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ይጠናቀቃል። የታመመ አባል ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል፣ ወደ ጨዋታ ሲኬድ የሚያስፈልገው መኪና በመዋጮ ይያዛል። አሠራሩ እድርን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ለእኔ በመጀመሪያ የደረሰኝ ተራ ከበሮውን ማዘጋጀት ነበር። ጅማ ዝናብዋ ረጅም፣ አየሯም እርጥብ በመሆኑ የከበሮው ቆዳ ይላላና ድምፁ የተቀደደ ማዳበሪያ የተመታ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ሐጂ ሱቅ ውስጥ፣ ከከሰል ካውያቸው ፍም አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አስቀምጦ ቀስ እያሉ ማዞር ያስፈልጋል፤ ካቀረቡት ይሰነጠቃል፣ ካራቁት አይሞቅም። በጣት ጫፍ ሲነኩት ጠብ የሚል ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ያቺ ግማሽ ሰዓት አልጋ ላይ ሆኜ በስልኬ ካየኋቸው ጎሎች ሁሉ ትበልጥብኛለች፤ ምክንያቱም እኔ ብቀር ከበሮው አይመታም።

እዚህ ላይ ብዙ ጓደኞቼ የማይስማሙበትን ነገር ልናገር። ጊዜ የለኝም የሚል ሰው የደጋፊ ማኅበር መግባት ጊዜውን ይበልጥ የሚያጣብብበት ይመስለዋል፤ በእኔ ላይ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ስልክና ዲኤስቲቪ ቤት መጨረሻ የላቸውም፤ አንዱ ጨዋታ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ እንግሊዞችም ጥቅምት ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ የእኛ እንቅልፍ በአንድ ሰዓት ይቀነሳል፤ ቤት ግባ የሚልህም የለም። ማኅበር ግን ቀን አለው፣ ተራ አለው፣ ማብቂያ አለው። ባለቤቴም የራሷ እድርና ዕቁብ ያላት ሰው ስለሆነች፣ «ዛሬ ኳስ አለ» ስላት የማትቀበለውን «እሑድ ተራዬ ነው» ስላት ትረዳዋለች፤ ተራ ምን እንደሆነ ከእኔ በፊት ታውቃለችና።

ያም ሆኖ ነገሩ በራሱ አልተስተካከለም። መስከረም ላይ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን የትምህርት ቤቱን የፈተና ሳምንታት፣ የእርሷን የእድር ቀናትና የማኅበሩን ስብሰባዎች በአንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ አሰፈርን። የሌሊት ጨዋታ በወር አንድ ብቻ፣ ያውም በማግስቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከሌለብኝ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ጥርና ሰኔ ላይ የፈተና ወረቀት ስለማርም ከማኅበሩ ስብሰባ በስተቀር ምንም የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከበዱኝ፤ ማክሰኞ ማታ ጎረቤት ሲጮኽ ስሰማ እግሬ በሩ ድረስ ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ እርሱም ውርርድ ነው። ከማኅበራችን ወጣቶች አንዱ መዋጮውን ሦስት ወር ሳይከፍል ሲቀር፣ ገንዘቡ በየሳምንቱ ለውርርድ ቤት ቲኬት እንደሚውል ደርሰንበታል። ሐጂ በጉባኤ ፊት አላሳፈሩትም፤ ለብቻው ጠርተው የልብስ መተኮሱን ሥራ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰጡት። ኳስን የሚወድ ሰው ጨዋታው ሲጀምር ልቡ በደስታ መምታት አለበት እንጂ የቤት ኪራዩ እዚያ ላይ ስለተንጠለጠለ መሆን የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የፊታችን እሑድ የከበሮው ተራ የእኔ ነው። ልጄ ማዞሩን ስለለመደች አብራኝ ትመጣለች፤ ሐጂም ለእርሷ ብለው ዝቅ ያለች ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከፍሙ ራቅ አድርገው አስቀምጠዋል። ከዚያ በፊት ረቡዕ ሌሊት ብዙ የሚጠበቅ ጨዋታ አለ፤ ሐሙስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስላለብኝ ውጤቱን ጠዋት ከተማሪዎቼ እሰማለሁ።