ሽቦውን የፈታው ልጅ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው በሁለቱም እጄ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቁሜያለሁ፣ እንባዬ እየቀደመኝ።

አናጢ ነኝ። ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ግቢ ውስጥ ትንሽ መሥሪያ ቦታ አለችኝ። ቁም ሳጥን፣ የኩሽና ካቢኔት እሠራለሁ። ትልቁ ማሽን የለኝም፤ ሁሉንም የምቆርጠው በእጅ በሚያዘው ሰርኩላር ነው። ይህን መጋዝ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ጥርሱ በደቂቃ 5000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከሥሩ በስፕሪንግ የሚመለስ ሽፋን አለው፤ ስትቆርጥ ይሸሻል፣ ስትጨርስ ራሱ ይዘጋል። እኔ ያንን ሽፋን በሽቦ ወደ ላይ አስሬው ነበር የምሠራው። እየተያዘ ያዘገየኛል ብዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ።

አልደብቅም፣ በዚያ ጊዜ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። አባቴ ታሞ ጠበል ወሰድነው፣ ሱባኤ ያዝኩ፣ ቀን ከሌት ለመንኩ፣ ሞተ። ከቀብር ስንመለስ አፌን ሞልቼ "አትሰማም" አልኩት። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተውኩ። እማዬ ግን ጠዋት ስወጣ በር ላይ ቆማ መዝሙር 90ን ትደግምልኛለች፤ "በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋልና።" ሳትጨርስ ጥያት እሄዳለሁ።

ኅዳር 22 ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ካቢኔቱ ደግሞ ለማግስቱ ጠዋት ነው፣ ቀብዱን በልቼዋለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ጋሼ፣ ደክሞሃል፣ ይደር" አለኝ። ጮህኩበት። ሙሉውን የኮምፔንሳቶ ጣውላ ሁለት መቆሚያ ላይ ዳርና ዳር አድርጌ ጫንኩት፣ መሀሉ ባዶ። ቀኝ እጄ መጋዙ ላይ፣ ግራ እጄ እንጨቱን ከኋላ ተጭኖ፣ እኔ ከመስመሩ ጀርባ ቀጥ ብዬ ቆሜ። ሁሉም ስህተት ነው፣ ሁሉንም አውቀው ነበር።

መሀል ላይ ስደርስ ድምፁ ተለወጠ። ሞተሩ አቃሰተ። እንጨቱ በራሱ ክብደት ጎብጦ፣ የተቆረጠው ክፍተት ተመልሶ ገጥሞ ጥርሱን እንደ ጉጠት ያዘው። ጥርሱ ሲያዝ መጋዙ ባለበት አይቆምም፣ ወደ ያዘው ሰው ነው የሚዘለው። ግራ እጄን አልፎ ጭኔን መታኝ። ወደቅኩ። "ጊዮርጊስ!" ብዬ ጮህኩ፣ ስሙን ከጠራሁ ዓመት ያለፈኝ ሰው።

ጭኔን ማየት ፈራሁ። የጭን ደም ሥር ከተቆረጠ ሆስፒታል የማይደረስበት ጊዜ እንዳለ ሰምቻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሱሪዬን ዳሰስኩ። አልተቀደደም። ደሙ የእጄ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ መጋዙ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ሽፋኑ ጥርሱን ግጥም አድርጎ ከድኖታል። ሽቦው የለም።

ልጁ ነው የፈታው። ከሰዓት በኋላ መብራት እስኪመጣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ሽቦውን ፈትቶ፣ ሽፋኑ ውስጥ የተጋገረውን ብናኝና ሙጫ በብሩሽ አጽድቶታል። "እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ያልነገርኩህ" አለኝ እያለቀሰ። ለካ ሲያዘገየኝ የነበረው ሽፋኑ ሳይሆን ቆሻሻው ኖሯል። እኔ በንዴት ስለነበርኩ ሽቦው አለመኖሩን እንኳ አላየሁም።

ጎረቤታችን ቡና የምታፈላው እህት ጩኸቴን ሰምታ ሮጣ መጣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እጄን ጠቀለለችው፣ ጨምቃ ያዘችው፣ "ከልብህ በላይ አንሣው" እያለች። እህቴ፣ ነጠላሽ ታጥቦ አልነጻም፣ እግዚአብሔር የብርሃን ልብስ ያልብስሽ። ወንበርህን በደም አበላሽቼብህ ሒሳብ አልቀበልም ያልከኝ የታክሲ ሹፌርም፣ ስምህን አላውቅም፣ እሱ ያውቅሃል።

ያ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ አልነጋ አለ። እማዬ ጫማዋን ሳታደርግ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ለጊዮርጊስ ተሳለች፤ "እጁን መልስለት እንጂ በዚያው እጁ የሠራውን የመጽሐፍ ማንበቢያ አትሮንስ ደጅህ አስገባለሁ።" ከዚያ ያንኑ መዝሙር ጀመረች። መላእክቱን ያዝዛቸዋል ስትል አንድ ነገር ደረቴን መታኝ። ይህን ቃል ጠቅሶ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው ሰይጣን ነው። መልሱም "ጌታን አምላክህን አትፈታተነው" ነበር። እኔ ሁለት ዓመት በየቀኑ ከጫፍ ስወረወር ኖሬ፣ አትሰማም እያልኩ እሱን እከሰዋለሁ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እማዬ ያመመኝ መስሏት ነርሷን ጠራች።

ሐኪሙ ሊነጋጋ ሲል መጣ። "የሌባ ጣትህ ጅማት ተቆርጧል፣ እንሰፋዋለን። አጥንት አልተነካም።" "እግዚአብሔር አጥንቶቻቸውን ሁሉ ይጠብቃል" የሚለው ከአፌ ወጣ፣ ሳላስበው። ሐኪሙም "አሜን" አለኝ።

አራት ወር በፋሻና በፊዚዮቴራፒ አለፈ።

አሁን ኮምፔንሳቶውን መሬት ላይ በተደረደረ የሞራሌ እንጨት ላይ አስተኛዋለሁ፣ የትም እንዳይጎብጥ። ጥርሱ ከእንጨቱ ሥር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ብቻ እንዲወጣ እለካለሁ። ሁለት እጄ መጋዙ ላይ፣ ሰውነቴ ከመስመሩ ጎን። ድምፁ ከከበደ ጣቴን ከማስነሻው እለቃለሁ፣ መጋዙን ግን ጥርሱ ቀጥ እስኪል ከቦታው አላነሳም። መብራት ከሄደ መጀመሪያ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ሽፋኑን ልጁ በየቀኑ ይፈትሻል፣ እሱ ደህና ነው ሳይለኝ አልጀምርም። የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ያሰራችሁት ካለ ስለ እናታችሁ ብላችሁ ዛሬውኑ ፍቱት።

አትሮንሱን ከዋንዛ ሠራሁት። ሚያዝያ 23 በንግሡ ዕለት በአንድ በኩል ልጁ፣ በሌላ በኩል እኔ ተሸክመን ጊዮርጊስ አስገባነው፤ እማዬ ከኋላችን እልል እያለች። ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዷ በር ላይ መዝሙሯን ጀመረች። ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋት።