«ተልኳል» ይላል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን የለም

የቡና ማድረቂያ አየርን የሚለካው ፕሮጀክታችን በመጨረሻ አንድም ሳይዘል ወደ ሰርቨር ዳታ መላክ ጀመረ። ደስ ብሎኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልጻፍ። እዚህ ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ላላችሁም፣ ሌላ ቦታ ሆናችሁ ኢምቤድድ ሲስተምና አድቫንስድ ኔትወርክ በአንድ ሴሚስተር ለወደቀባችሁም ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያውን በአጭሩ ልለፈው። እንደ ሁሉም ሰው አርዱዪኖ ላይ ኤልኢዲ ብልጭ ድርግም በማድረግ ጀመርኩ። ከዚያ የሲ ፖይንተር፣ ከዚያ ሬጂስተር። ከ16 ሜጋኸርዝና ከ2 ኪሎባይት ራም ወጥቼ ኤስቲኤም32 ኤፍ103 የሚባል ቺፕ ላይ 72 ሜጋኸርዝና 20 ኪሎባይት ራም ሳገኝ ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ። በኔትወርክ በኩል ደግሞ ኦኤስፒኤፍ ነበር፤ ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል። «አለሁ» የሚል ሄሎ መልእክት በየ10 ሰከንዱ ይላካል፤ ጎረቤት ራውተር ለ40 ሰከንድ ድምፁ ከጠፋ እንደሞተ ይቆጠራል። ይህን ለፈተና ሸመደድነው። ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን በኋላ፣ በቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ነው።

አጋሮ ያሉት አጎቴ ቡና ያደርቃሉ። እሸት ቡናው ሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን፣ እርጥበቱም 11 ወይም 12 በመቶ እስኪደርስ ፀሐይ ይፈልጋል። ደመና ከመጣ ቶሎ ሸራ ማልበስ ነው። እኛ አልጋው አጠገብ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ዕቃ ተከልን። በየ30 ደቂቃው በሲም800ኤል (ሲም ካርድ የሚወስድ የሞባይል ኔትወርክ) ሞጁል በኩል ወደተከራየነው ሰርቨር ይልካል፤ አጎቴ ስልካቸው ላይ ያያሉ። ፕሮቶኮሉ ኤምኪውቲቲ ነው። በ1999 ሲሠራ ዓላማው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት መከታተል ስለነበር፣ መስመሩ ቀጭንና ውድ ለሆነበት ቦታ የሚስማማ ነው።

ስለ ሲም800ኤል ኃይል ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፤ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ከላፕቶፕ ዩኤስቢ አታስነሱት፣ ትልቅ ካፓሲተር አጠገቡ አድርጉለት። አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ዶርም ውስጥ በየ10 ሰከንዱ ስንልክ አንድም አይጠፋም። አጋሮ ወስደን በየ30 ደቂቃው ሲልክ ግን አንዱ ይደርሳል፣ ቀጣዩ ይጠፋል። አጎቴ ደወሉ፦ «አንቺ ልጅ፣ ያ ዕቃሽ አንዱን ይናገራል፣ አንዱን ይውጣል።» ያን ጊዜ ሁላችንም የጠረጠርነው ሲግናሉን ነው። ግን ሲግናሉ ከ0 እስከ 31 ባለው መለኪያ 18 አካባቢ ነበር፤ መጥፎ አይደለም። ደግሞ ደካማ ሲግናል እንዲህ በተራ አያስቀርም። ያለ ምክንያት የሚጠፋ ነገር ዝብርቅርቅ ነው፤ በተራ የሚጠፋ ነገር ከጀርባው ሕግ አለው።

ያበሳጨን ቦርዱ የሚጽፈውን ላፕቶፕ ላይ የሚያሳየው ሲሪያል ሞኒተሩ ነው። በእያንዳንዱ ዙር «ተልኳል» ይላል። ማን ነው ይህን የሚለው? ላይብረሪውን ከፍተን ኮዱን ማንበብ ጀመርን። ላይብረሪው፣ ታይኒጂኤስኤም፣ ሞጁሉን ሲያስነሳ ሲአይፒኪውሴንድ የሚባለውን ኤቲ ኮማንድ (ለሞጁሉ የሚሰጥ ትእዛዝ) 1 ያደርገዋል። ማኑዋሉ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ተጽፏል። 0 ከሆነ ሞጁሉ «ሴንድ ኦኬ» የሚለው ሰርቨሩ ዳታውን ሲቀበል ነው። 1 ከሆነ ግን ዳታው ሞጁሉ ጋ እንደደረሰ «ዳታ አክሴፕት» ይላል። በቃ፤ አየር ላይ ይውጣ አይውጣ አይታወቅም። የኛ «ተልኳል» ማለት «ከቦርዱ ወደ ሞጁሉ፣ አምስት ሳንቲሜትር ሽቦ ተሻግሯል» ማለት ነበር። ለፍጥነት ሲባል የተመረጠ ነው፣ ስህተት አይባልም። ግን ማወቅ ነበረብን።

ሲአይፒአክ የሚባል ሌላ ኮማንድ አለ፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ሦስት ቁጥር ይመልሳል፦ ምን ያህል ባይት ተላከ፣ ምን ያህሉ ማረጋገጫ አገኘ፣ ምን ያህሉ ገና ነው። ደህና በሆነው ዙር ሦስተኛው ቁጥር ወዲያው ዜሮ ይሆናል። በሚጠፋው ዙር ግን ፍንክች አይልም። በዚያው ሰዓት ሰርቨሩ ላይ የሚገባ የሚወጣውን ፓኬት የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕ ከፍተን የኤምኪውቲቲ በር በሆነው 1883 ፖርት ላይ አፍጥጠናል። ምንም የለም። አንድም ፓኬት። ሞጁሉ ደጋግሞ ይልካል፣ ሰርቨሩ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ችግሩ የኛ ቦርድም የኛ ሰርቨርም አይደለም፤ መሃል ላይ ነው።

ሞጁሉን አይፒ አድራሻህ ስንት ነው ብለን ስንጠይቀው በ10 የሚጀምር ሰጠን። በ1996 በወጣው አርኤፍሲ 1918 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) መሠረት ይህ የግል አድራሻ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ አይታወቅም። እንግዲያው መሃል ላይ የግል አድራሻን ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የሚቀይር ኤንኤቲ አለ። ኤንኤቲ እንደ ግቢ ጥበቃ ነው፤ ስትወጣ ያይሃል፣ ቶሎ ከተመለስክ ያስገባሃል፣ ብዙ ከቆየህ ግን ይረሳሃል። ለብዙ ሺህ ሰው ጥቂት አድራሻ ስለሚያካፍል ዝም ያለውን ኮኔክሽን ከሰንጠረዡ ይፍቃል። በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5382 የተከፈተ ቲሲፒ ኮኔክሽን ቢያንስ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ዝም ቢል እንኳ እንዳይፋቅ ይላል። መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። እኛ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ደቂቃ ልዩነት እየላክን ለካን። በኔ ሲም 4 ደቂቃ ይተርፋል፣ 8 ደቂቃ አይተርፍም። የናንተን እናንተው ለኩት፤ የኔን ቁጥር አትውሰዱ።

ተራው ያን ጊዜ ገባን። ኤንኤቲው ሲረሳ ለማንም አይናገርም። ቦርዱም ሰርቨሩም ኮኔክሽኑ አለ ብለው ያምናሉ። ቀጣዩ መልእክት በሞተ መስመር ይላካል፣ ይጠፋል። ሞጁሉ መልስ ሲያጣ ይሰለችና ይዘጋዋል። ኮዳችን ደግሞ ከመላኩ በፊት «ኮኔክሽን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የለም ከተባለ አዲስ ይከፍታል። ስለዚህ ሦስተኛው ይደርሳል፣ አራተኛው ይጠፋል። የኦኤስፒኤፍ ሄሎ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ሄሎ ከሌለ ዝምታው ሰላም ይሁን ሞት የሚለይ የለም።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ምርጫው ላይ ተጨቃጨቅን። አንደኛው የኪፕ አላይቭ ጊዜውን፣ ማለትም ዝም ሲባል «አለሁ» የሚለው ፒንግ የሚላክበትን ልዩነት፣ ማሳጠር ነው፤ የኛ 1 ሰዓት ነበር። የኤምኪውቲቲ ፒንግ 2 ባይት ብቻ ነው፤ የቲሲፒና የአይፒ ሄደር 40 ሲጨመርበት 42። መልሱም 42፣ ማረጋገጫው 40፣ ድምሩ 124 ባይት። በየ3 ደቂቃው ከሆነ በቀን 480 ጊዜ፣ ወደ 60 ኪሎባይት። ሁለተኛው በየ30 ደቂቃው ከፍቶ፣ ልኮ፣ መዝጋት ነው። መክፈቻና መዝጊያው ተደምሮ በአንድ ዙር ከ1 ኪሎባይት በታች ነው፤ በቀን 48 ዙር። ዳታው ብዙም አይለያይም። ባትሪው ግን ይለያያል፤ ሁለተኛው ሞጁሉን መሃል ላይ ያስተኛዋል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምለው። «ኤምኪውቲቲ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ለምን በሉት። ከሰርቨር ወደ ዕቃው ትእዛዝ የምትልኩ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ፒንጉ ግድ ነው።

ላይብረሪም ቀየርን። ታዋቂው ፐብሰብክላየንት የሚልከው በኪውኦኤስ (የማድረስ ዋስትና ደረጃ) 0 ብቻ ነው፤ ላከው እርሳው። አሁን በኪውኦኤስ 1 ነው። ብሮከሩ (ሰርቨሩ ላይ መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮግራም) ተቀብያለሁ ካላለ ንባቡ ሜሞሪ ውስጥ ይቆያል፣ በቀጣዩ ዙር ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል፣ የሚቆጣ ይቆጣ። የኔትወርክና የሰርኪዩት ሲሙሌተሮቹ ፓኬት ትሬሰርና ፕሮቲየስ ለመጀመሪያው ወር ጥሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሰንፋሉ። ፕሮቲየስ ላይ ባትሪው አይደክምም፣ ሽቦው አይላቀቅም። ሌላው የኔትወርክ ሲሙሌተር ጂኤንኤስ3 የኔን ላፕቶፕ ያቃጥለዋል። እኔ ያዋጣኝ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ የተለያዩ ኔትወርኮችን የሚፈጥረው የሊኑክስ ኔትወርክ ኔምስፔስ ነው፤ ቀላል ነው፣ ነፃ ነው። መሃል ላይ ኤንኤቲ አድርጉና የኮኔክሽን ማስታወሻ ጊዜውን ከነበረበት 5 ቀን ወደ 240 ሰከንድ አውርዱት። ቲሲፒ ሉዝ የሚለውን ሴቲንግ ዜሮ ማድረግ እንዳትረሱ፤ አለዚያ የተረሳውን ኮኔክሽን ከመሃል መልሶ ያነሳዋልና ችግሩ አይታያችሁም። አጋሮ ድረስ ሚኒባስ ሳንሳፈር የአጋሮን ችግር ዶርም ውስጥ ያየነው እንዲህ ነው።

ዳታሺት አንብቡ ብዬ መምከር ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም የማነበው የቮልቴጁን ሰንጠረዥና የጨነቀኝን ገጽ ብቻ ነው። ዲኤምኤ (ፕሮሰሰሩ ሳይገባበት ዳታ ወደ ሜሞሪ የሚወስደው) እስካሁን በደንብ አልገባኝም፤ ፈተና ላይ እንዳይመጣ እጸልያለሁ። ኮዴ ውስጥም ዲሌይ (ፕሮግራሙን ዝም ብሎ የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ሞልቷል። ሲኒየሮች ሲያዩት ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ ይሠራል።

ሰኞ የኔትወርክ ፋይናል አለ፤ ኤምፒኤልኤስ የሚባለውን ርዕስ ገና አልነካሁትም። አጭር ኖት ያለው ካለ ይላክልኝ፤ በምትኩ የኔምስፔሱን ስክሪፕት እልካለሁ።